አምላክ ቤት ሲመጣ፦ የሂንዱ አምልኮ ለማያውቀው ሰው

ወደ ህንድ ለትምህርት ለሚሄዱ ወጣቶችና ታማሚ ይዘው ለሚጓዙ ቤተሰቦች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ቆርጬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

ከህንድ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አይለወጥም። መጀመሪያ «እውነት ስንት አምላክ ነው ያላቸው?» ይሉኛል። ቀጥሎ «ላም ያመልካሉ አይደል?» ይመጣል። ሦስተኛዋ ጥያቄ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የምትጠየቀው፤ «ጣዖት አይደለም እንዴ?»

ሦስቱንም ዛሬ እነካካቸዋለሁ። ግን ከነሱ አልጀምርም። አንድን ሂንዱ «ምን ታምናለህ?» ብትሉት ብዙውን ጊዜ ግራ ይገባዋል። በአንድ ትንፋሽ የሚደገም፣ ሁሉም የሚስማማበት የእምነት ቃል የለውም። መሥራቹ ይህ ነው የሚባል ሰው የለም። ሁሉን የሚያዝ ሲኖዶስም የለም። «ጠዋት ተነስታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብትሉት ግን እስኪደክማችሁ ያወራችኋል። ስለዚህ ከጠዋቱ እንጀምር።

የተማርኩት ቪሻካፓትናም ነው። በህንድ ምሥራቅ ዳርቻ ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ያውቃታል። ቤት ያከራዩንን ሴትዮ «አንቲ» ነበር የምንላቸው። እዚያ አከራይም፣ የጓደኛ እናትም፣ ባለሱቋም አንቲ ናት፤ ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም።

አንቲ ጎህ ሳይቀድ ደጃቸውን ጠርገው ውሃ ይረጩበታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው በነጭ ዱቄት መሬቱ ላይ ነጠብጣብ ይደረድራሉ። ዱቄቱን በጣታቸው መሃል እያፈሰሱ ነጠብጣቦቹን በተጠላለፈ መስመር ያገናኟቸዋል። ሙጉ ይባላል። ላክሽሚን፣ የሀብትና የበረከት እመቤት የሚሏትን፣ «ቤቱ ጸድቷል፣ ግቢ» ማለታቸው ነው። እስከ ቀትር ድረስ የሰው እግርና የሞተር ሳይክል ጎማ ያጠፋዋል። በማግስቱ እንደገና ይሣላል።

ገላቸውን ሳይታጠቡ ወጥ ቤት አይገቡም። ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ መደርደሪያ አለ። እሱ ላይ ቬንካቴሽዋራ የሚሉት ቪሽኑ፣ ላክሽሚ፣ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ በየክፈፋቸው ተደርድረዋል። አንቲ የናስ መብራቷን በዘይት ያበራሉ፣ ሰንደል ይለኩሳሉ፣ አበባ ያኖራሉ። ደጅ ላይ ከተተከለችው ቱልሲም ቅጠል ቀንጠስ ያደርጋሉ፤ ቱልሲ የበሶብላ ዘመድ ናት።

እኔን የገረመኝ ምግቡ ነው። ሲያበስሉ አይቀምሱም። ጨው በዛ አነሰ ብለው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው አይልሱም። መጀመሪያ የሚቀምሰው አምላክ ነው። ከሩዙም ከወጡም ትንሽ ትንሽ በሳህን አድርገው ምስሉ ፊት ያስቀምጣሉ። ዙሪያውን ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ደወሏን ያቃጭላሉ፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ያ ምግብ ወደ ድስቱ ይመለስና ከቀሪው ጋር ይቀላቀላል። አሁን ፕራሳድ ሆኗል፤ ከአምላክ ገበታ የተረፈ በረከት ነው። ጨው በዝቶ ከተገኘ ምን ይደረጋል፣ አምላክም እንደዚያው ነው የበላው። ይህን ቀልድ የሰማሁት ከራሳቸው ከአንቲ ነው።

ይህ ሁሉ ፑጃ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አምላክ በእንግድነት ቤትህ መጥቷል። የአምልኮ መጽሐፎቻቸው ለዚህ እንግዳ የሚደረገውን አገልግሎት ብዙ ጊዜ 16 አድርገው ይቆጥሩታል። ትጠራዋለህ፣ መቀመጫ ትሰጠዋለህ፣ እግሩን ታጥበዋለህ፣ የሚጠጣ ውሃ ታቀርብለታለህ። ገላውን ታጥበዋለህ፣ ታለብሰዋለህ፣ ሽቶና አበባ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ዕጣን፣ መብራት፣ ምግብ። በመጨረሻም ትሸኘዋለህ። ቤት ውስጥ ሁሉም አይደረግም፤ ሥራ የሚቸኩል ሰው መብራቷን አብርቶ፣ እጁን አጋጥሞ ይወጣል።

ቤተ መቅደስ ስትሄዱ ያው ነገር ነው፤ መጠኑ ግን የቤተ መንግሥት ይሆናል። እዚያ አምላክ ንጉሥ ነው። ቲሩማላ ተራራ ላይ ያለውን የቬንካቴሽዋራን ቤተ መቅደስ ውሰዱ፤ ታችኛዋ ከተማ ቲሩፓቲ ትባላለች። ካህናቱ ገና ሳይነጋ «ተነስ» የሚል መዝሙር እየዘመሩ ይቀሰቅሱታል። ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ያበሉታል። ማታ በመዝሙር ያስተኙታል። ደቡብ ህንድ ማዱራይ ውስጥ ደግሞ ሺቫና ሚስቱ ሚናክሺ በአንድ ግቢ የየራሳቸው መቅደስ አላቸው። ሁልጊዜ ማታ የሺቫን እግር የሚወክል ምስል በሰዎች ትከሻ ሆኖ፣ በከበሮና በዕጣን ታጅቦ ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ይወሰዳል። ጠዋት ይመለሳል።

ሰው ታዲያ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ሊያይ። ዳርሻን ይሉታል። ቲሩማላ ላይ ሰዎች ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ተሰልፈው ምስሉ ፊት የሚቆሙት ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሠራተኞቹ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያሉ ይገፏቸዋል። ያም ሆኖ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። የሚፈልጉት እነሱ ማየታቸውን ብቻ አይደለምና፤ እሱም አይቷቸዋል። ለዚህ ነው የብዙዎቹ ምስሎች ዐይን ትልቅ የሆነው።

እዚያው ቲሩማላ ብዙ ሰው ስለት አድርጎ ፀጉሩን ይላጫል፤ ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም። ቤተ መቅደሱ ፀጉሩን በጨረታ ይሸጠዋል፣ ነጋዴዎች ወደ ውጭ ይልኩታል። ሂውማን ሄር የምትገዙ እህቶቻችን ካላችሁ፣ ምናልባት የአንዲት ገበሬ ስለት ጭንቅላታችሁ ላይ ይሆናል። ልጄ ከበሽታ ከዳነ ብላ ነው የተላጨችው።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ጥያቄ ልምጣ። «ጣዖት» የሚለው ቃል በኛ አፍ ስድብ ነው፤ እዚያ አገር ባትጠቀሙበት ይሻላል። በክርስትናና በእስልምና ሚዛን እንዴት እንደሚታይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እኔ አልደግመውም። እነሱ ራሳቸው ምን ይላሉ ነው የኔ ሥራ። እነሱም አንድ ነገር አይሉም።

ኮልካታ እንሂድ። መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ዱርጋ የሚሏት የእናት አምላክ በዓል ይከበራል። ኩማርቱሊ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር አለ። መጀመሪያ በቀርከሃና በገለባ አፅም ይሠራሉ፤ አሥር እጅ ያላት ሴት፣ ከሥሯ አንበሳ። ገለባውን በገመድ ጥፍር ያደርጉታል። ከዚያ ጭቃ ይለስኑታል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ደግመው ይለስኑታል። ቀለም፣ ፀጉር፣ ሳሪ፣ ጌጥ ይከተላል። ዐይኗን መሣል የራሱ ሥርዓትና ቀን አለው። ካህኑ ጸሎት ደግሞ እስኪጠራት ድረስ ያ ነገር የሸክላ ሥራ ነው፤ ሠራተኞቹ ሻይ እየጠጡ ይደገፉታል። ከተጠራች በኋላ ግን ከተማው በሙሉ ወደ እሷ ይጎርፋል። በዓሉ ሲያልቅ ሴቶቹ ከንፈሯ ላይ ጣፋጭ አስነክተው፣ ቀይ ዱቄት ቀብተው፣ ወደ ባሏ ቤት እንደምትመለስ ልጅ ይሸኟታል። ከዚያ በጭነት መኪና ትጫንና በከበሮ ሁግሊ ወንዝ ውስጥ ትገባለች። ቀለሙ ይለቃል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ የገለባ አፅሟ ይቀራል። ዩኔስኮ ይህን በዓል በ2021 መዝግቦታል።

ሸክላው ራሱ አምላክ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አምላኩን ወንዝ አይጨምርም። ስለዚህ የተማረ ሂንዱ አውሮፕላን ላይ አጠገባችሁ ቢቀመጥ «ምስሉ ምልክት ነው፣ ሐሳብ ለመሰብሰብ ነው» ይላችኋል። ጥሩ መልስ ነው፤ ለኛም ጆሮ ይመቻል። ግን እኔ እንደማየው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

ቪሻካፓትናም ዳር ሲምሃቻላም የሚባል ኮረብታ ላይ የቪሽኑ ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ ቪሽኑ ናራሲምሃ ነው፣ ከፊል ሰው ከፊል አንበሳ፤ ከሌላው መልኩ፣ ከከርከሮው ጋር ተጣምሮ። ታሪኩን ልንገራችሁ። አንድ ጨካኝ ንጉሥ ነበር። በሰውም በአውሬም፣ በቀንም በማታም፣ በቤትም በደጅም፣ በምድርም በሰማይም እንዳይገደል ቃል ተቀብሏል። ልጁ ፕራህላዳ ግን የቪሽኑ ወዳጅ ሆነበት። «አምላክህ የት ነው? እዚህ ምሰሶ ውስጥ አለ?» አለው። «አለ» አለ ልጁ። ንጉሡ ምሰሶውን መታው። ከውስጡ ሰውም አውሬም ያልሆነ ነገር ወጣ። ጊዜው ቀንም ማታም ያልሆነ፣ ሲመሽ ነበር። ንጉሡን ደጃፍ መድረክ ላይ፣ ጭኑ ላይ አስተኝቶ በጥፍሩ ዘነጠለው።

የዚያ አምላክ ቁጣ እስካሁን ይነዳል ይላሉ። ስለዚህ ምስሉን ከሰንደል እንጨት በሚፈጭ ልቁጥ ድፍን አድርገው ይሸፍኑታል፤ እንዲቀዘቅዝ። ዓመቱን ሙሉ የሚታየው የልቁጡ ክምር ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ሚያዝያ አካባቢ፣ ልቁጡ ተፍቆ እውነተኛ መልኩ ይታያል። ያን ቀን ሰልፉ ከኮረብታው ግርጌ ይጀምራል። እነዚህን ካህናት «ምልክት ብቻ ነው አይደል?» ብትሏቸው ይከፋቸዋል። እነሱ በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የኖረው የመምህሩ የራማኑጃ ተከታዮች ናቸው። በእነሱ ትምህርት አምላክ ለሰው ብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ በእርግጥ ምስሉ ውስጥ ያድራል። የሚሞቀው፣ የሚርበው፣ የሚያንቀላፋው፣ እኛ እንድናገለግለው ፈቅዶ ነው።

ምስሉን ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ ልጅ ሳለ በሺቫ ሌሊት ጾም ላይ ሳይተኛ ሊያነጋ ተቀምጦ ነበር። ሌሎቹ ሲያንቀላፉ አይጥ የሺቫ ምስል ላይ ወጥታ መባውን ስትበላ አየ። ራሱን ከአይጥ ማዳን ያልቻለ እንዴት ዓለምን ያስተዳድራል አለ። አድጎ በ1875 ቦምቤይ ላይ አርያ ሳማጅ የተባለውን ማኅበር መሠረተ፤ ምስል የለም፣ ቬዳ የሚሏቸው ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍትና እሳት ብቻ። እሱም ሂንዱ ነው።

ስንት አምላክ አላቸው? በሕዝቡ አፍ 330 ሚሊዮን ይባላል። እኔ የምወደው መልስ ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ በሚባለው በጣም ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነው። በንጉሥ ጃናካ ችሎት ላይ ሻካልያ የሚባል ሊቅ ያግናቫልክያን ይፈትነዋል። «አማልክት ስንት ናቸው?» ይለዋል። «3,306» ይላል። «እሺ፣ በእውነት ስንት ናቸው?» «33»። «በእውነትስ?» «6»። እንዲህ እያለ 3፣ 2፣ ቀጥሎ አንድ ተኩል፣ መጨረሻ ላይ 1 ይደርሳል። ሻካልያ ጥያቄውን አላቆመም። በኋላ ተራው ደርሶ ሲጠየቅ መልስ አጣና ጭንቅላቱ ፈነዳ ይላል መጽሐፉ። እኔም ስለ ቁጥር እዚህ ላይ ላቁም። በተግባር እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ፣ የሚቀርበው አንድ አምላክ አለው፤ ሺቫ፣ ቪሽኑ ወይም እናቲቱ። ሌሎቹን አይክድም።

ያ «አንድ» ታዲያ ምንድነው? ሌላው ኡፓኒሻድ፣ ቻንዶግያ፣ አባትና ልጅ ያነጋግራል። ልጁ ሽቬታኬቱ ተምሮ፣ ኮርቶ ቤት ይመጣል። አባቱ ኡዳላካ «ጨው ውሃ ውስጥ ጨምረህ ጠዋት ና» ይለዋል። ጠዋት «ጨውን አምጣው» ይለዋል። ልጁ ቢፈልግ የለም። «ከላይ ቅመስ»፤ ጨው ነው። «ከመሃል»፤ ጨው ነው። «ከታች»፤ ጨው ነው። «ሁሉ ውስጥ ያለው፣ የማታየው፣ እሱ እውነት ነው፤ አንተም እሱ ነህ» አለው።

በዚህች «አንተም እሱ ነህ» ላይ ህንድ ከሺህ ዓመት በላይ ተከራክራለች። ሻንካራ ነፍስህና የዓለሙ መሠረት ብራህማን አንድና ያው ናቸው አለ። ራማኑጃ አንድ ናቸው፣ ግን ሥጋ ከነፍስ ጋር አንድ እንደሚሆነው ነው አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኡዱፒ ላይ ያስተማረው ማድቫ ደግሞ ያንኑ የሳንስክሪት ዐረፍተ ነገር በሌላ ቦታ ሰብሮ «አንተ እሱ አይደለህም» ብሎ አነበበው። ሦስቱም የተከበሩ መምህራን ናቸው። ማንም ማንንም አላወገዘም ብዬ አላጋንንም፤ ክርክሩ መራራ ነበር። ግን ሁሉም እዚያው ቤት ቀሩ።

ካርማን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቲክቶክ ላይ «ካርማ ነው» እየተባለ ይፎከራል። እነሱ ዘንድ ዕድልም ቂም በቀልም አይደለም። የሠራኸው ፍሬ ያፈራል፣ በዚህ ሕይወት ካላፈራ በሚቀጥለው ያፈራል። ነፍስ ትሞታለች አይሉም፤ ሥጋው ይሞታል፣ እሷ በሌላ ሥጋ ደግማ ደጋግማ ትወለዳለች። ከዚህ ዑደት መውጣት ሞክሻ ይባላል። ቫራናሲ በምትባለው ቅድስት ከተማ የሞተ ሰው ይህን ያገኛል ስለሚሉ ሽማግሌዎች ሊሞቱ ወደዚያ ይሄዳሉ። ጋንጋ ወንዝ ዳር፣ ማኒካርኒካ በሚባለው የሬሳ ማቃጠያ ያለው እሳት ሌሊትም አይጠፋም።

ግን ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ ነግሬያችሁ ብወርድ ዋሸኋችሁ። የጨውን ታሪክ የያዘው ያው ቻንዶግያ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መልካም የሠራ በመልካም ማሕፀን፣ በብራህሚን፣ ማለትም በካህን ወገን፣ ወይም በጦረኛ ወይም በነጋዴ ማሕፀን ይወለዳል ይላል። ክፉ የሠራ በውሻ ወይም በአሳማ ወይም በቻንዳላ። ቻንዳላ ሰው ነው፤ የማይነካ ተብሎ ከመንደር ዳር የተገፋ ሰው። ሰውን በትውልዱ በደረጃ የሚከፍለው የካስት ሥርዓት ከዚህ ብቻ አልመጣም፤ መሬት፣ ሥራ፣ ጋብቻና ጉልበት አሉበት። ነገር ግን «ባለፈው ሕይወትህ የዘራኸው ነው» የሚለው ነገር ለተበዳይ አፍ ማስያዣ ሆኖ አገልግሏል።

ቢምራኦ አምቤድካር በ1891 ከእነዚህ ሰዎች ተወለደ። ትምህርት ቤት ለብቻው፣ ከቤቱ ባመጣው ጆንያ ላይ ይቀመጥ ነበር። የውሃውን ቧንቧ መንካት አይፈቀድለትም። ዘበኛው ከፍቶ ካልሰጠው ተጠምቶ ይውላል። ይህ ልጅ አሜሪካና እንግሊዝ ተምሮ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ መራ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ሰውን «አትንካኝ» ማለትን ከልክሏል። በ1930 ናሺክ ላይ ወደ ራማ ቤተ መቅደስ ለመግባት ሰልፍ መርቶ በሩ ተዘግቶበታል። በጥቅምት 1956 ናግፑር ላይ ከብዙ መቶ ሺህ ሰው ጋር ሂንዱነትን ትቶ ቡድሂስት ሆነ። አንዳንድ ሂንዱ ወዳጆቼ የእሱን ስም ሳነሳ ወሬ ይለውጣሉ። ሌሎቹ ፎቶውን ግድግዳቸው ላይ ሰቅለዋል።

ከውስጥም ተቃውሞ ነበር። ኡዱፒ፣ ማድቫ ባቆመው የክሪሽና መቅደስ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት አለች። ካናካዳሳ የሚባል ከእረኞች ወገን የሆነ ገጣሚ እንዳይገባ ተከልክሎ ውጭ ቆሞ ይዘምር ነበር ይላሉ። ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ምስሉም ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ዛሬም ሰው ክሪሽናን የሚያየው በዚያ በኩል ነው። ባለሥልጣናት ሳይቀሩ።

ስለ ላም አጭር ልሁን። ላም እናት ናት፣ ትከበራለች፣ አትታረድም። ሁሉም ሂንዱ ግን ሥጋ አይበላም ማለት አይደለም። በ2021 ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ባወጣው ጥናት ሥጋ አልበላም ያሉት ሂንዱዎች 44 በመቶ ናቸው። የኮልካታው ቤንጋሊ ያለ ዓሣ አይውልም። አሳም ውስጥ ካማክያ ቤተ መቅደስ ፍየል ይሠዋል። ስለዚህ ምግብ ስትጋብዙ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመውረዴ በፊት ስለ መግባት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ይህ ለኛ አዲስ አይደለም። የቆዳ ቀበቶና ቦርሳ የሚከለክሉ አሉ። ስልክ አስቀምጡ። ዞራችሁ ስትጎበኙ መቅደሱ በቀኛችሁ ይሁን። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንዳትገባ በብዙ ቦታ ይጠበቃል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳባሪማላ ቤተ መቅደስ በማንኛውም ዕድሜ ያለች ሴት ትግባ ሲል አገሩ በሰልፍ ተናውጧል። ፑሪ የሚገኘው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ሂንዱ ያልሆነን አያስገባም፤ የውጭ ሰው ቀድሞ ከማዶ ከነበረው ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ላይ ሆኖ ነበር የሚያየው። ቲሩማላ ላይ ደግሞ ሌላ እምነት ያለው ሰው በቬንካቴሽዋራ አምናለሁ የሚል ቅጽ እንዲፈርም ይጠየቃል። አንብባችሁ ፈርሙ ወይም ተመለሱ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ «ፕራሳድ ቢሰጡን እንብላ?» ብላ ጠየቀችኝ። መብላት አለመብላቱን የነፍስ አባትሽን ወይም ሼኽሽን ጠይቂ አልኳት፤ እኔ የማውቀው አቀባበሉን ነው። የምትቀበሉ ከሆነ በቀኝ እጅ ተቀበሉ። የማትቀበሉ ከሆነ ሁለት መዳፋችሁን አጋጥማችሁ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ማንም አይቀየምም። ከተቀበላችሁ በኋላ ግን መጣል የለም። መብላት ካቃታችሁ አጠገባችሁ ላለው ሰው ስጡት፤ ደስ ብሎት ይበላዋል።